ጦጣዋ ስትወድቅ

መብረቅ የሚለውን ስም ያወጡላት ተማሪዎቿ ናቸው። መጀመሪያ ማን እንዳለው አይታወቅም፤ ብቻ ታላቅ ለታናሽ እያወረሰው ዓመታት ኖሯል። እሷም ታውቀዋለች፤ አትናገርም እንጂ ደስም ይላታል። የአራተኛ ክፍል የሒሳብ መምህርት ናት። የጫማዋ ኮቴ ኮሪደሩ ላይ ሲሰማ ክፍሉ ጸጥ ረጭ ይላል። እርሳስ የወደቀበት ልጅ እንኳ ጎንበስ ብሎ ለማንሳት አይደፍርም። በእሷ ክፍል መሳቅ ክልክል ነው። "ሒሳብ ምን የሚያስቅ ነገር አለው?" ትላለች። እውነቷን ነው፤ እሷ ስታስተምረው ምንም የለውም።

ታብሌቶቹ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲመጡ ገና ከካርቶናቸው ሳይወጡ ጠላቻቸው። እንዲህ የከረረ ጥላቻ ለዕቃ ብቻ ሲሆን አይታይም፤ የጠላችውስ ያመጣቸውን ሰው ነው። ያመጣቸው ደግሞ የገዛ እህቷ ልጅ ነው። እናቱ ስትሞት ጥርሱን እንኳ አልቀየረም ነበር። ወስዳ ያሳደገችውም፣ ያስተማረችውም መብረቅ ናት። ዛሬ የትምህርት ቤቱ የቴክኖሎጂ ባለሙያ ሆኗል። የቻርጀር ገመድ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ስለሚዞር ኬብል ይሉታል።

የሒሳብ ጨዋታውን የሠራውም እሱ ራሱ ነው። ታብሌቱ ላይ ጥያቄ ይመጣል፤ ልጁ መልሱን በጣቱ ይነካል፤ ትክክል ከሆነ ኮከብ ያገኛል። የየክፍሉ ውጤት ተደምሮ ለርዕሰ መምህሩ ይደርሳል። አንድ ሕግም አለው፤ በጨዋታው ሰዓት መምህር ተማሪ መቆጣት አይችልም። ሕጉ በስብሰባ ላይ ሲነበብ መብረቅ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

"ይሄ እኔን አስቦ የተጻፈ ነው" አለች። "እዚህ ግቢ ውስጥ ከእኔ ሌላ ማን ይቆጣል?"

መምህራኑ ሳቃቸውን ዋጡ። ኬብል ቀና ብሎም አላያት።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው። በጨዋታው ሰዓት ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ ጀርባዋን ሰጥታቸው ደብተር ታርማለች። ልጆቹ ከኋላዋ ይንከተከታሉ፤ መቆጣት ስለማትችል ጥርሷን ነክሳ ትቀመጣለች። ዞራ ምን እንደሚያስቃቸው አንድም ቀን አላየችም። ማየት መሸነፍ መሰላት።

ርዕሰ መምህሩ ያስጠራት በዚህ መሀል ነው። ሰው ማስቀየም የሚፈራ ሰውዬ ነው፤ ክፉ ወሬ መናገር ሲኖርበት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስቴፕለር ያገላብጣል። የዚያን ቀን ሲያገላብጠው ደግሞ ስቴፕለሩ ሊፈታ ምንም አልቀረው።

"መምህርት፣ ክፍልዎ ከሁሉም መጨረሻ ወጥቷል።"

"ከነማን ጋር ተወዳድሮ?"

"ከአራተኛ ክፍሎች ሁሉ። ከሦስተኛም የሚበልጧቸው አሉ።"

ክው አለች። "የእኔ ልጆች? ማባዛት በእንቅልፍ ልባቸው የሚመልሱት ልጆች?"

"ውጤቱ እንደዚያ አይልም። እስከ ተርሙ መጨረሻ ካልተሻሻለ ክፍሉን ለሌላ መምህር ሰጥተን፣ እርስዎን ወደ ቤተ መጻሕፍት ብናዛውርዎ ነው ያሰብነው። ትንሽም ያርፋሉ።"

"ዕረፍት ለሞተ ሰው ነው የሚያምረው!" አለችና በሩን ከኋላዋ ጓ አድርጋ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ግን ክፍሏ በር ፊት ቆም አለች። ባል የላት፣ የወለደችው የላት። ጠዋት ከአልጋዋ የሚያስነሳት ያ ክፍል ነው፤ ጥቁር ሰሌዳው፣ ጠመኔው፣ ስትገባ ብድግ የሚሉት ልጆች። እሱን ከወሰዱባት ቀሪ ዕድሜዋን የመጻሕፍት አቧራ ስታራግፍ መኖሯ ነው። ያን የሚያደርግባት ደግሞ ባዳ አይደለም፤ አፍንጫውን እየጠረገች ያሳደገችው ልጅ ነው።

ኬብል የሚኖረው እሷው ቤት፣ በጓሮ በኩል ባለችው ክፍል ነው። ማታ ለራት ሲቀርቡ ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ ይበላል፤ እሷም ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ትበላለች። የዚያን ምሽት ግን አላስቻላትም።

"ደስ አለህ?"

"በምኑ?"

"ከክፍሌ ልታስወጣኝ ነዋ! አስወጥተኸኝ ልታርፍ!"

"ውጤቱን እኔ አልሰጠሁም። ማሽኑ ነው የሚቆጥረው።"

"ማሽኑን ማን ሠራው? አባቱ ማን ነው?"

ኬብል ማንኪያውን አስቀመጠ። "መምህርት፣ የሥራ ነገር ሥራ ቦታ ብንነጋገር ይሻላል።"

መምህርት! በገዛ ቤቷ፣ ከገዛ ድስቷ እየበላ መምህርት አላት። ድሮ አክስቴ እያለ ቀሚሷን ይዞ ይከተላት የነበረ ልጅ። የምትመልስለት ስድብ ጠፍቷት ሳይሆን ስድቡ በዝቶባት ሳህኗን አንስታ ከማዕዱ ተነሳች።

በማግስቱ ክፍሏ ገብታ ልጆቹን አንድ በአንድ ሰሌዳ ላይ አወጣቻቸው። ሁሉም ሠሩ። ሚጢጢ የሚሏት ድምፅ የሌላት ልጅ እንኳ፣ ሰሌዳው ጋ ለመድረስ በእግር ጣቷ ቆማ፣ ከባዱን ማካፈል ያለ አንዳች ስህተት ጨረሰችው። እንግዲያው የሚዋሸው ማሽኑ ነው ማለት ነው። ጉዱን በዓይኗ ልታይ ቆረጠች፤ የጨዋታው ሰዓት ሲደርስ ሄዳ ሚጢጢ ጎን ዘጭ ብላ ተቀመጠችና ታብሌቱን ተቀበለቻት።

የመጀመሪያውን ጥያቄ መለሰች። ኮከብ ብልጭ አለና ጠፋ። ሁለተኛውን መለሰች፤ ያው ኮከብ። "በቃ ይሄው ነው?" ብላ አፍንጫዋን ነፋች። በሦስተኛው ላይ ወፍራም ጣቷ ስቶ ሌላ ቁጥር ነካ።

በኮከቡ ፈንታ አንዲት ጦጣ መጣች፤ ቅርንጫፍ ላይ ቁጢጥ ብላለች። ቅርንጫፉ ቀሽ ብሎ ተሰበረ። ጦጣዋ አየር ላይ በአራት እግሯ ስትቧጥጥ ቆይታ ጭቃ ውስጥ ቧ ብላ ወደቀች። ተነሳች፤ ዓይኗን ከጭቃው ጠረገች፤ መቀመጫዋን እያሸች ዞር ብላ መብረቅን አየቻትና "ምን ይደረግ" በሚል ሁኔታ ትከሻዋን ሰበቀች።

ሚጢጢ ማን አጠገብ እንደተቀመጠች ረሳች። በሳቅ ፍርስ ብላ የመምህርቷን ክንድ መታ መታ አደረገች። "እንደገና ቲቸር! እንደገና ይሳሳቱ!"

መብረቅ ቀና ብላ ክፍሉን ቃኘች። በየወንበሩ ቅርንጫፍ ይሰበራል፣ ጦጣ ትወድቃለች፤ ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ይንፈራፈራሉ።

"መልሱን ታውቂዋለሽ?" አለቻት ሚጢጢን።

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን ትሳሳቻለሽ?"

ልጅቷ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመምህርት አልጠበቀችም። "ትክክል ከሆንኩ እኮ ጦጣዋ አትወድቅም።"

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ይስቅ ነበር። መብረቅ ግን ታብሌቱን ብብቷ ስር ሸጉጣ በጥድፊያ ወጣች፤ የልብ ልብ ተሰምቷታል። ኬብልን ከታብሌት ማስቀመጫው ክፍል ጠርታ አስከትላ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባች። ሰውዬው ፊት እያወቀች ተሳሳተች። ጦጣዋ ወደቀች። ርዕሰ መምህሩ ፈገግ ሊል ሲል የመብረቅን ፊት አይቶ ተወው።

"አዩልኝ?" አለች። "ልጆቼ ደንቆሮ አይደሉም። ይሄ ባለሙያ ተብዬ ነው ስህተትን ከትክክል ያስወደደባቸው። ቤተ መጻሕፍት መሄድ ያለበት ማን ነው?"

ርዕሰ መምህሩ ወደ ኬብል ዞረ። "እንዴት ነው ነገሩ?"

ኬብል በእርጋታ መለሰ። "ጦጣዋ በሁሉም ክፍል ትወድቃለች። የሌላ ክፍል ልጆች የመጀመሪያ ሰሞን ስቀውባት ስቀውባት ሰለቻቸው፤ ወደ ኮከቡ ዞሩ። የእሳቸው ክፍል ልጆች ግን አልሰለቻቸውም።"

"ለምን አይሰለቻቸውም?"

"ሌላ የሚስቁበት ሰዓት የላቸዋ።"

"አፍህን ዝጋ!" አለች መብረቅ።

"አልዘጋም!" ድምፁ ተሰነጠቀ፤ መምህርት ማለቱም አንቱታውም አንድ ላይ ረገፉ። "ልጅ ሆኜ ስሳሳት ምን ታደርጊ እንደነበር ልንገራቸው? መብራቱን አጥፍተሽብኝ ትወጪ ነበር። 'መልሱ ሲገባህ ጥራኝ' ብለሽ። ደብተሩ በማይታይበት ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ብጠራሽና ደግሜ ብሳሳት ምን ይውጠኛል እያልኩ እጄን እነክስ ነበር። ጦጣዋን የሠራኋት ለዚህ ነው፣ አክስቴ። ሲሳሳቱ እንዳይፈሩ።"

"ለዚህ ያበቃህ ማን ሆኖ ነው? ያን ጊዜ ባሞላቅቅህ ዛሬ የት ትገኝ ነበር?"

"አዎ፣ አብቅተሽኛል። አላበቃሽኝም አላልኩም።"

ርዕሰ መምህሩ ስቴፕለሩን አነሳ። "የቤታችሁን እዚያው ቤታችሁ ጨርሱት" አለ፣ ማንንም ሳያይ። "ጦጣዋ ትውጣ። በምትኳ ቀይ ምልክት ይግባ፤ ይበቃል። መምህርት፣ ክፍሉ የእርስዎ ነው፤ ማንም አይነካብዎትም።"

ኬብል ገመዱን ከአንገቱ ፈቶ ታብሌቱን ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኘና እዚያው ዓይናቸው እያየ ጦጣዋን አጠፋት። ማታ መብረቅ ቤት ስትገባ የጓሮዋ ክፍል ተጠርጋለች፤ ልብሱም አልጋ ልብሱም የለም። "ይሂድ፤ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት" አለች ጮክ ብላ፤ የሚሰማት ሰው ግን ቤቱ ውስጥ አልነበረም። ራት ሳትበላ ተኛች።

በሚቀጥለው የጨዋታ ሰዓት ድሏን ልታይ ልጆቹ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ታብሌቶቹ ተከፈቱ። አንዱ ልጅ ቶሎ ብሎ ጦጣዋን ሊጠራት ተሳሳተ። ቀይ ምልክት መጣ፤ ሌላ ምንም አልመጣም። ልጁ ደጋግሞ ነካካውና ታብሌቱን ከራሱ ገፋ አደረገው። ወሬው ከወንበር ወንበር በሹክሹክታ ዞረ፤ ሳቁ ጠፋ። ይህን ጸጥታ መብረቅ አሳምራ ታውቀዋለች፤ ለዓመታት የኮራችበት ነው።

ሚጢጢ ጣቷን ታብሌቱ ላይ አንዣብባ ቀርታለች። ጥያቄው ሰሌዳ ላይ ወጥታ ከሠራችው በብዙ የሚቀል ነው። መብረቅ ተነስታ አጠገቧ ሄደች።

"ምን ትጠብቂያለሽ? ታውቂው የለም እንዴ? ንኪው።"

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። "ብሳሳትስ ቲቸር?"

ክፍሉ ሁሉ መልሱን ለመስማት ቀና አለ። መብረቅ ልጅቷን ልታጽናናት ፈለገች፤ ከልቧ ፈለገች። አጎነበሰች፤ እጇን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች፤ ለእሷ በሚቻላት ለስላሳ ድምፅ፣ ያላትን ደግ ቃል ሰጠቻት።

"አይዞሽ፣ አትሳሳቺ።"

ሚጢጢ ጣቷን ከታብሌቱ ላይ አንስታ እጇን ጭኗ ስር ደበቀችው። ከጎኗ ያለው ልጅም፣ ከኋላዋ ያሉትም እንደሷ አደረጉ።