ድንቅነሽና የጭራሮው እስር

የኔታ ተክለጻድቅ ሒሳብ የሚያስተምሩት በጭራሮ ነበር። መጀመሪያማ በሽምብራ ነበር የጀመሩት፤ ነገር ግን ጣሊያን ከገባ ወዲህ ልጆቹ ጠግበው አያውቁምና፣ ከአሥር ሽምብራ ስንት ቀረ ሲሏቸው የሚቀር አልነበረም። የኔታ አልተቆጡም። ጭራሮ እንኳ አይበላም ብለው ለቀሙና አሥር አሥሩን በክር አሰሩት፤ አሥር ያልሞላውን ነጠላውን ተዉት።

ያስተምሩበት የነበረው ትምህርት ቤት ተዘግቷል። የካቲት ላይ የተማረ ሰው ሁሉ ሲታደን፣ ልደታ ማርያም ጀርባ ካለችው ጎጇቸው ተሸሽገው ተረፉ። ለጠየቃቸው ሁሉ ዳዊት አስደግማለሁ ይላሉ፤ ጓሮ ውስጥ ግን ትምህርት የከበዳቸውን ልጆች ሰብስበው ሒሳብ ያስተምራሉ። ባዶ መልስ አይቀበሉም። እጅሽ የሠራውን በራስሽ አፍ ንገሪኝ ይላሉ።

ከሁሉም ያስቸገረቻቸው ድንቅነሽ ናት። መደመሩን እንደምንም ተወጣችው። መቀነስ ላይ ግን ከሠላሳ ሁለት ሰባት ቀንሺ ሲሏት፣ ከሁለት ሰባት አይነሳላት፤ ሦስት እስር አጠገቧ ተቀምጦ ሁለቱን ነጠላ ጭራሮ ይዛ ዝም ትላለች። አንዱን እስር ፍቺው ቢሏት ቀላል ነበር። ግን የነገሯት ነገር ከእሷ ዘንድ እንደማያድር ያውቃሉና ራሷ እስክትደርስበት ይጠብቃሉ።

እናቷ ወይዘሮ ወለተሰንበት መጠበቅ ሰልችቷቸዋል። ሰንጋ ተራ ካለው የጣሊያን ጦር ሰፈር ልብስ አጣቢ ይፈለጋል ቢባሉ፣ ልጅቱን ሊልኩ ቆረጡ።

«ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፣ የኔታ» አሉ።

የወታደር ሰፈር ለእንዲህ ያለች ልጅ ምን እንደሆነ የኔታ ያውቃሉ። እስከ ግንቦት ልደታ ይታገሡኝ፣ ከገባት አይልኳትም ብለው ለመኑ፤ ወይዘሮዋም ቃል ገቡ።

የግንቦት ልደታ ዕለት ሰፈሩ ንፍሮውን ይዞ ደጅ ሲወጣ፣ ወይዘሮ ወለተሰንበት ሊያዩ መጡ። የኔታ ሦስት እስርና ሁለት ነጠላ ጭራሮ አስቀምጠው ሰባት ቀንሺ አሏት። ድንቅነሽ ጭራሮውን አየች፤ እናቷን አየች። ከዚያ እጇ ሄደና የአንዱን እስር ክር ፈታ። የኔታ በደስታ ወደ ጭራሮው ጎንበስ አሉ።

ያን ጊዜ የጓሮው በር ተበረገደ። የሸሸ ሰው ፍለጋ ቤት ለቤት የሚዞር የጣሊያን መኮንን፣ ሁለት ወታደሮችና ነገሪ የሚባለው አስተርጓሚ ገቡ። መኮንኑ አይቶ ሊመለስ ነበር፤ ዓይኑ የልጅቱ እጅ ላይ ቀረ። የኔታ ቀና ብለው መኮንኑ ቆብ ላይ ያለውን ምልክት ሲያዩ ምን እንዳሰበ ገባቸው። የፋሺስቱ ምልክት መጥረቢያ የተሰካበት የበትር እስር ነው። በየቢሮው በር በየቀኑ ያዩታል፤ ግን ጭራሮ የሚያስር ሰው ስለ መንግሥት ያስባል እንዴ?

መኮንኑ ምን እያደረገች እንደሆነ ልጅቱን አስጠየቃት። የኔታ ሊመልሱ ሲሉ አንዱ ወታደር ደረታቸውን በሰደፍ ገፋቸው። በዓይናቸው ዝም በይ አሏት። ዓመቱን ሙሉ ተናገሪ ሲሏት ዝም ያለች ልጅ ግን ዛሬ ፊቷ በርቷል።

«እስሩ እንደታሰረ ከሆነ ከእሱ ምንም ልናነሳ አንችልም» አለች ጥርት አድርጋ። «ስለዚህ እንፈታዋለን። ከተፈታ በኋላ የፈለግነውን ያህል እንቀንሰዋለን። የኔታ ናቸው ያስተማሩኝ።»

ነገሪ ሒሳብ ነው ሊል ሞከረ፤ መኮንኑ ያለችውን ብቻ ንገረኝ ብሎ ጮኸበት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃል በቃል ተረጎመው።

የኔታን እጃቸውን የኋሊት አሰሯቸው። ወይዘሮ ወለተሰንበት የመኮንኑ እግር ላይ ወድቀው ቢለምኑም ዘወር ብሎ አላያቸውም። 

ድንቅነሽ ለካ ቆጥራ ጨርሳለች። ሃያ አምስት አለች። ከዚያ የሰዉን ፊት አየችና ወደ የኔታ ዞረች።

«የኔታ፣ ተሳሳትኩ እንዴ?»

የኔታ በሩ ላይ ዞር አሉ።

«የለም ልጄ፣ ልክ ነሽ» አሉ። መሬት ላይ የወደቁትን እናቷንም ተመለከቱ። «ወይዘሮ ወለተሰንበት፣ ገብቷታል። ቃልዎን አደራ።»