በደመላሽ እጅ የተጻፈው የእርቅ ወረቀት

እማማ ወርቂቱ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ቋጠሮውን ከደረታቸው ሸጉጠው ነበር ከመንደራቸው ከጪጩ የወጡት። ደመላሽን ዛሬ ሳያስፈቱ ላይመለሱ ምለዋል። ወረቀቱን ለደመላሽ ጠበቃ እንኳ አላሳዩም፤ ጠበቃ እጅ የገባ ወረቀት አይመለስም ሲባል ሰምተዋል።

ከዲላ በተሳፈሩበት ሚኒባስ ሽማግሌው አቶ ሽመክት ከጎናቸው ተቀምጠው ይመክሯቸዋል።

«ወርቂቱ፣ ዳኛ ፊት እንዳታለቅሺ።»

«አንተ ደግሞ ዳኛ ፊት እንዳታንኮራፋ። በሶንጎ ሽምግልና ላይ የለመድካት አመል አለችህ።»

የደመላሽ ሚስት ሉሊት ከፊት ወንበር ሳቀች። ባሏ ከታሰረ ከሦስት ወር ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው።

ደመላሽ የአካባቢው የእሸት ቡና መፈልፈያ አክሲዮን ማኅበር ጸሐፊ ነበር። ቃለ ጉባኤ ሲይዝ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያስነጠሰውን ሰው ሳይቀር ነው የሚያሰፍረው። ሉሊት ስትቆጣው «ቆይ፣ በተራ ቁጥር ልጻፈው» ይላል እየተባለ ይቀለድበት ነበር። አንድ ቀን ቦርዱ «አንተ ውጣ፣ ይሄ አይጻፍም» አለው። ወጣ። ጆሮው ግን አልወጣም። ከቺፑዱ ግድግዳ ጀርባ ቆሞ፣ አንድ የአዲስ አበባ ኩባንያ ማኅበሩን ጠቅልሎ ሊገዛው መሆኑን ሰማ። በማግስቱ ጪጩ ወርዶ፣ እማማ ወርቂቱ ከሟች ባላቸው የወረሱትን አክሲዮን ገዛ። እሳቸውም ሁለት ዓመት ሙሉ «ገዢ ፈልግልኝ» ሲሉት ኖረዋልና መረቁት። ወር ሳይሞላ ወሬው ወጣ፤ የአክሲዮኑ ዋጋ አራት እጥፍ ሆነ።

እማማ ተታለልኩ ብለው ከሰሱት? የለም። ሽማግሌ ከሚቀመጥበት ዛፍ ሥር፣ ሶንጎ አቆሙት እንጂ። እዚያ ደግሞ በዳይ እውነቱን አንድ ሳያስቀር ካላወጣ እርቅ አይጸናም። ደመላሽ አወጣ። ትርፉንም መለሰ። እማማ አልቅሰው ሳሙት። «በወረቀት ይስፈር» ሲባል ግን ከሽማግሌዎቹ መሀል እጁ የሚነበብ ጠፋና፣ ያው በዳዩ ራሱ ተቀምጦ ጻፈው።

የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪዎች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ስብሰባውና ግዢው በአንድ ቀን ልዩነት መሆኑን አይተው፣ የተደበቀ መረጃ ይዞ አክሲዮን ገዝቷል ብለው አስከሰሱት። ጠበቃው የሚከራከረው «ደንበኛዬ ውጭ ነበር፤ መስማቱን ማን አየ?» እያለ ነው። ዐቃቤ ሕጉም ያየ ምስክር አላገኘም። እማማ ይህን አልሰሙም። ደመላሽም ወረቀቱ በአቶ ሽመክት ሳጥን እንደተቆለፈ ነው የሚያውቀው።

ሐዋሳ ሲደርሱ ችሎቱ ሞልቶ ነበር። እማማ በዐቃቤ ሕግ ምስክርነት ተጠርተው ቆሙ።

«አክሲዮኑን ለተከሳሹ የሸጡለት እርስዎ ነዎት?» አለች ዳኛዋ።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። ግን አልከሰስኩትም። የተበደልኩት እኔ፣ ይቅር ያልኩትም እኔ። መንግሥት በየት በኩል ተበድሎ መጣ?»

ሰው ሳቀ። ዳኛዋ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች። «እማማ፣ ሕጉ የሚጠብቀው እርስዎን ብቻ አይደለም። ነገ ሳያውቅ የሚሸጠውንም ሁሉ ነው።»

«እንግዲያው እውነቱ ይኸውልሽ» ብለው ቋጠሯቸውን ፈቱ።

ደመላሽ ፌስታሏን ሲያይ ራሱን በፍጥነት ነቀነቀ። እማማ ይሉኝታ መሰላቸው። «አይዞህ!» አሉት።

ዳኛዋ ድምፅዋን አውጥታ አነበበች፦ «መጋቢት ስምንት ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ከስብሰባ ብወጣም፣ ከቺፑዱ ጀርባ ቆሜ ማኅበሩ ሊሸጥ መሆኑን ሰማሁ። ይህንኑ አውቄ፣ ከማያውቁት ከወይዘሮ ወርቂቱ ገዛሁ። በድያለሁ።» ቀና አለች። «ይህ የማን ጽሑፍ ነው?»

«የራሱ ነው!» አሉ እማማ በኩራት። «በእኛ አገር እንደሱ የሚጽፍ የለም።»

ጠበቃው ዐይኑን ጨፈነ። ዐቃቤ ሕጉ ሌላ ምስክር አልፈልግም አለ። እማማ ያደረጉት ነገር የገባቸው፣ ሉሊት አፏን በሁለት እጇ ስትይዝ ነው።

ፍርዱ በሳምንቱ ተሰማ፦ ሦስት ዓመት። ትርፉን መመለሱና እርቁ ቅጣቱን አቅልለውለታል ተባለ። ፖሊሶቹ ሲወስዱት እማማ እጀታውን ያዙት።

«እኔ ነኝ ያሳሰርኩህ?»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እማማ» አለ።

ሲመለሱ ሉሊት ለብቻዋ ኋላ ወንበር ተቀመጠች። መናኸሪያው ላይ ሲወርዱ እማማ ተከተሏት።

«ሉሊት፣ ልጄ፣ አስቀይሜሻለሁ። ሽማግሌ ልላክብሽ?»

ሉሊት ቆመች። ፊቷን ግን ወደሳቸው አላዞረችም።

«አይላኩብኝ፣ እማማ። ሽማግሌ ከመጣ እውነቱን ተናገሪ ይለኛል፤ ልቤ ደግሞ ገና ይቅር አላለዎትም።»

ይህን ብላ በሰው መሀል ገብታ ሄደች። እማማ ወርቂቱ የጪጩ ባጃጅ እስኪሞላ አጥር ተደግፈው ቆሙ። አቶ ሽመክት ባርኔጣቸውን አውልቀው አብረዋቸው ቆሙ።