የነፃዎቹ ጠረጴዛ

ልብስ ሰፊዋ መርፌውን ጣቷ ላይ ሰካችው። ዓይኗ ጨርቁ ላይ መሆን ሲገባው በመስኮቱ አሻግሮ የጎረቤቷን የልብስ አጣቢዋን ልጅ ይከተል ነበር። ልጅቷ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ገመድ ትዘላለች። አምና ነፋስ የሚጥላት የምትመስል ልጅ ዘንድሮ ጉንጯ ሞልቶ፣ ፊቷ ወዝቶ፣ ሳቋ ጎረቤት ይሰማል።

«ኤዲያ! የሰው ምግብ እንዲህ ያወፍራል እንዴ?» አለች ደሟን እየመጠጠች።

የትምህርት ቤቱ የነፃ ምሳ በተጀመረ ጊዜ ወላጆች ተሰብስበው «የሚፈልግ እጁን ያውጣ» ሲባል ሁሉም አንገቱን ደፋ። ልብስ ሰፊዋ ጥያቄው ለእሷ የታሰበ ይመስል ቀድማ «ተመስገን ነው፣ የኔ ልጅ የሰው እጅ አታይም!» አለች። አጣቢዋ ግን ከጎረቤት ጨው የምትዋስ ያህል ቀለል አድርጋ እጇን አወጣች። ልብስ ሰፊዋን እስከ ዛሬ የሚያንገበግባት ይኸው ነው። ምግቡስ ይሁን፤ ሴትዮዋ አለማፈሯ! ልብስ ሰፊዋ ራሷ ግን ያን ዕለት ማታ ለልጇ የቆረሰችላት ደረቅ ዳቦ ነበር።

የእሷ ልጅ ሰሞኑን ከትምህርት ቤት ስትመለስ «ራበኝ» ማለት ትታለች። ልብስ ሰፊዋም «ክብር ያጠግባል» ትላለች። ቢሆንም ቅናት አንጀቷን ይበላታል። ዛሬ ወደ ምሳ ሰዓት ግን ባሰባት፤ መቀሷን አስቀምጣ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች።

ርዕሰ መምህርቷ ፊት ስትቀመጥ ድምፅዋ ማር ማር አለ።

«እኔ ሰው ለመክሰስ አይደለም የመጣሁት፤ ግን ለእውነተኛ ችግረኛ ይድረስ ብዬ ነው። የአጣቢዋን ግቢ አይተውታል? የሚሰጣው ሱፍ፣ የሚሰጣው ሐር! ይህ ሁሉ ያላት ሰው ነፃ ምሳ ትወስዳለች?»

ልብሱ የደንበኞች መሆኑን አሳምራ ታውቃለች። ስንቱን ራሷ ሰፍታዋለች።

«ደግ አደረጉ የነገሩን» አሉ ርዕሰ መምህርቷ። «የአጣቢዋ ልጅ ምሳ ከነገ ጀምሮ ይቆማል።»

ከቢሮው ስትወጣ ሸክም የጣለች ያህል ቀለላት። የተማሪዎቹን ምግብ ቤት ስታልፍ ልጇን አየት ላድርጋት ብላ አንገቷን አስገባች። ምሳቸውን ከቤት ይዘው የመጡት ልጆች መሐል የለችም፤ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ፣ ሌሎቹ «የነፃዎቹ» እያሉ በሚያሾፉበት ጠረጴዛ ጥግ፣ ሁለት ጭንቅላቶች አንድ ሳህን ላይ ተደፍተዋል። አንደኛዋ የአጣቢዋ ልጅ ናት። ሁለተኛዋ ጉንጯን በሩዝ ሞልታለች፤ የእሷ ልጅ።

ልጅቷ ቀና ስትል እናቷን አየች። ማንኪያውን ጠረጴዛው ሥር ደበቀች፤ መዋጥም መትፋትም አቅቷት አፏን እንደያዘች ቀረች።

የአጣቢዋ ልጅ ብድግ ብላ መሐላቸው ቆመች። «እትዬ፣ እሷ አልበላችም! እኔ ነኝ የበላሁት፤ እሷ እኮ የሰው እጅ አታይም!»

ልብስ ሰፊዋ ዞር ስትል ርዕሰ መምህርቷ በግቢው ወደ መኪናቸው እየሄዱ ነው።

«ይቆዩኝ!» ብላ ጮኸች። ሁሉም ማንኪያውን አቁሞ እሷን ያያል። ርዕሰ መምህርቷ ተመልሰው መጡ።

«ምን ሆኑ?»

ስንት ጊዜ ጥርሷን ነክሳ ያፈነችውን ቃል፣ ያ ሁሉ ጆሮ እየሰማ፣ አወጣችው።

«ዋሽቼ ነው፤ አጣቢዋ ምንም የላትም። እኔም የለኝም። ልጄን ይርባታል!»