ሁለተኛው ሰማያዊ መስታወት

«ሁለት መቶ ሠላሳ ብሎ ሲቆጥር ሰምቼዋለሁ» አለ በዚያ ሌሊት መንገዱ ዳር የነበረው ዘበኛ፣ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ እንደያዘ። «ከዚያ መኪናው ታጥፎ መጣ።»

ለቅሶ ቤት ሰው ያልጠየቁትንም ይናገራል። ዘበኛው ሊያጽናና ብሎ ነው፤ ጨረቃ እስከ መጨረሻው ሥራው ላይ ነበር ለማለት። ጨረቃ ሰፈሩ ለሟቹ ያወጣለት ስም ነው፤ ሰው ሲተኛ እሱ ካሜራውን ተሸክሞ ይወጣ ነበርና። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። የሟቹ ሴት ልጅ ግን ቁጥሩ ላይ ቀረች።

አባቷ የሚቆጥረው እስከ ስልሳ ነበር። ፊልሙ ለቀን ብርሃን የተሠራ ስለሆነ የመንገድ መብራትን ቢጫ አድርጎ ያወጣዋል። ለዚህ ሌንሱ ላይ ሰማያዊ መስታወት ያጠልቃል፤ ያኔ ነጩ ግድግዳ ነጭ ሆኖ ይወጣል። መስታወቱ ደግሞ ብርሃን ይበላልና ሌንሱ ስልሳ ሰከንድ እስኪቆጠር ክፍት ይቆያል። በልጅነቷ አጠገቡ ቆማ አብራው ትቆጥር ነበር።

ተነስታ ጓዳ ገባች። ፖሊስ የመለሰው ካሜራ ፌስታል ውስጥ እንዳለ ነው። ሌንሱን በጣቷ ዳሰሰችው። መስታወቱ ላይ ሌላ ሰማያዊ መስታወት ተጠምዝዞበታል።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ፊልሞቹ ሰማያዊ እየሆኑ መምጣታቸውን ታውቃለች። ፎቶዎቹን የምታጥበውና የምታትመው እሷ ናት። የአባቷን ዓይን ሞራ እየጋረደው፣ ነጩ ሁሉ ቢጫ እየመሰለው ነበር፤ የአክስቷም ዓይን እንዲሁ ነበር የጀመረው። ግን በዓይኑ እንጀራ የሚበላን አባት «ዓይንህ ከድቶሃል» የሚል አንደበት ከየት ይመጣል? ስለዚህ ስታትም ሰማያዊውን እየቀነሰች ታስተካክልለት ነበር። እሱ ደግሞ ፎቶውን መስኮት አጠገብ ይዞ ያፈጥበታል።

«አሁንም ቢጫ ነው። ላንቺስ?»

«ጥሩ ነው፣ አባባ።»

«እንግዲያው የመንገዱን አምፖሎች ቀይረዋቸዋል» ይልና ይስቃል።

እሷ ባስተካከለች ቁጥር እሱ ሰማያዊ ይጨምራል። ይህንንም አላጣችውም። ያላሰበችው ጊዜውን ነው። ሁለተኛው መስታወት ከቀረው ብርሃን ሩቡን ብቻ ስለሚያሳልፍ ስልሳውን ሁለት መቶ አርባ ያደርገዋል። ሦስት ደቂቃ ሙሉ ተጨማሪ፣ በቅጡ የማያይ ሰው፣ መንገድ ዳር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ቁጥር ይሰማት ጀመር። ብርጭቆ ስታጥብ፣ ለእንግዳ በር ስትከፍት፣ ትራስ ላይ ጎኗን ስታሳርፍ። ድምፁ የአባቷ ነው፤ ሁለት መቶ ሠላሳ ላይ ይቆማል። የቀረችውን አሥር ራሷ ትጨርስለታለች። እሱ ግን እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

በአምስተኛው ቀን አልቻለችም። ጓዳ ውስጥ፣ እናቷ ሻይ ስትቀዳ፣ ሁሉንም ነገረቻት። እናትየው ብርጭቆዎቹን ሞልታ እስክትጨርስ ቀና አላለችም።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለእኔ እንኳ አትነግሪኝም?»

እናትየው ትሪውን አንስታ ወጣች። ልጅቷ እናቷንም ያጣች መሰላት፤ ቢሆንም ተከትላት ሳሎን ገባችና አጠገቧ ተቀመጠች።

አክስትየው፣ የሟች እህት፣ ስታለቅስ ውላ ዓይኗ አብጧል። ወንድሟ መኪና እንዴት እንዳላየ ሊገባት እንዳልቻለ ስትናገር ቆየችና ወደ ሁለቱ ዞረች።

«ዓይኑ ደክሞ ከሆነ እናንተ እቤት ያላችሁት እንዴት አላወቃችሁም?»

ልጅቷ አፏን ልትከፍት ስትል እናትየው ቀደመቻት።

«ደብቆን ነበር» አለች። «ለማንም አልተናገረም።»

ይህን ስትል ጉልበታቸው ላይ ከተዘረጋው ብርድ ልብስ ሥር የልጇን እጅ አንጓው ላይ ያዘች። ጥፍሯ እስኪገባ ድረስ ጨመቀችው። ልጅቷን አመማት፤ እጇን ግን አልሳበችም። የመጨረሻው እንግዳ እስኪወጣ ድረስ እናቷ አልለቀቀቻትም።