ክብሩ ያስታወሰው

ሰርክአዲስ ሮቤ ከተማ ሃያ ሰባት ዓመት አስተምራለች። የመጨረሻዎቹን ስድስት ዓመታት ያሳለፈችው በልዩ ፍላጎት ክፍል፣ መናገር ከሚቸግራቸው ልጆች ጋር ነው። ማንም አልመደባትም፤ ራሷ ጠይቃ ነው የገባችው። ምክንያቱን ለሚጠይቃት ሁሉ «ጎባ ወንድም አለኝ» ትልና ሌላ ወሬ ታነሳለች።

ወንድሟ ክብሩ በሦስት ዓመት ያንሳታል። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ይሰማል፣ ሁሉም ይገባዋል፤ ከአፉ ግን ቃል አይወጣም። አባታቸው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። አባትም እናትም ካረፉ ቆይተዋል፤ ክብሩ ጎባ፣ ባደጉበት ቤት፣ አናጺ ሆኖ ብቻውን ይኖራል።

ባለፈው ዓመት ለሰርክአዲስ ክፍል ሦስት ታብሌቶች መጡ። ኮምፒውተር የሚያስተምረው ወጣቱ ፀጋዬ አንድ አፕ ጫነባቸው። ስክሪኑ ላይ ሥዕሎች ተደርድረዋል፤ ልጁ ሥዕሉን ሲነካው ታብሌቱ ቃሉን ጮክ ብሎ ይናገራል። ሰርክአዲስ መጀመሪያ ያሰበችው የዘጠኝ ዓመቷን ቢሊሱማን ነበር። ቢሊሱማ የሚሏትን ሁሉ ትሰማለች፤ የፈለገችውን ሳይረዱላት ሲቀሩ ግን ግድግዳውን በግንባሯ ትመታለች።

እናቷ ዙቤዳ ሮቤ ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች። ታብሌቱን ስታየው አልወደደችውም።

«ቲቸር፣ ይሄ ነገር ከተናገረላት የራሷ ምላስ ይሰንፋል። እኔ ተናገሪ እያልኩ ስታገል፣ እርስዎ ዝም በይ ሊሏት ነው?»

ሰርክአዲስ ወንበር ሳበችላት።

«እናቴም እንዳንቺ ነበረች» አለቻት። «ወንድሜ አይናገርም። የሆነ ሰው ‹ሳይጠይቅ አትስጪው› ብሎ መከራት። ዳቦ ይዛ ፊቱ ትቆምና ‹ዳቦ በል› ትለዋለች። አፉን ይከፍታል፣ የአንገቱ ሥር ይገተራል፣ ቃል የለም። እሱ ያለቅሳል፣ እሷም ታለቅሳለች። እኔ በር ላይ ቆሜ አያለሁ።»

«ከዚያስ? ተናገረ?»

«አንድ ቀን ‹ባ› አለ። እናቴ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች። ደግሞ አላለውም። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አለፈ።»

ሰርክአዲስም ታብሌቱ ምላስ እንደማያሰንፍ፣ እንዲያውም አንዳንድ ልጆች ድምፁን ሲሰሙ አብረው ለማለት እንደሚሞክሩ ነገረቻት።

«እንግዲህ አንድ ወር ልየው» አለች ዙቤዳ በመጨረሻ። «ኢንሻአላህ።»

ጅማሬው አላማረም። አፑ ላይ ያለው ድምፅ የአዋቂ ሴት ነበር፤ ዜና የምታነብ ይመስላል። ቢሊሱማ አንዴ ነካችው፣ ደነገጠች፣ እጇንም ሰበሰበች። ሦስት ቀን ሙሉ ደግማ አልነካችውም።

«ድምፁ የእሷ አይደለማ» አለ ፀጋዬ። «እኔስ ብሆን በዚህ ድምፅ ውሃ እጠይቃለሁ?»

ከአራተኛ ክፍል ሽቶ የምትባል ልጅ አመጡ። ሽቶ ወሬ የማያልቅባት፣ ድምፀ ጥሩ ልጅ ናት። ቃላቱን አንድ በአንድ በኦሮምኛም በአማርኛም አስብለው ድምፅዋን ቀዱ። ሥዕሎቹንም ለወጧቸው፤ ገበያ ሄደው ጋሪውን፣ የዙቤዳን መደብ፣ የሰፈሩን ቦኖ ውሃ ፎቶ አነሱ።

ቢሊሱማ የሽቶን ድምፅ ስትሰማ ቀና አለች። መጀመሪያ የወደደችው ቃል «እምቢ» ነበር። ያን ሳምንት ለሁሉም ነገር እምቢ አለች። ለውሃው እምቢ፣ ለእርሳሱ እምቢ፣ ለእረፍት እንኳ እምቢ። በዘጠኝ ዓመቷ ሰው የሚሰማው እምቢታ ያገኘችው ገና አሁን ነውና ሰርክአዲስ አልከለከለቻትም። ከዚያ ወዲህ ግንባሯን ግድግዳ ላይ ስትመታ ማንም አላያትም።

ወሩ ሲሞላ ዙቤዳ ከገበያ መጥታ ከልጇ አጠገብ ተቀመጠች። ቢሊሱማ ታብሌቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትንሽ ፈለገች፤ ከዚያ ሁለት ሥዕል አከታትላ ነካች። «እምቢ። ሽንኩርት።»

ሁለት ቃል ስታያይዝ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ምን ማለቷ ነው?» አለች ዙቤዳ።

ቢሊሱማ ደገመችው። ቀጥሎ በእጇ እየጎረሰች አሳየችና ፊቷን አጨፈገገች።

ዙቤዳ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ወጥ ስሰጣት እኮ ታስመልሳለች። ቡዳ ነው ብዬ ያላዞርኳት ቦታ የለም። ለካ ሽንኩርቱ ነው?» አለችና ሳቅ አፈናት። እየሳቀች ዓይኗ እንባ ሞላ። «የሽንኩርት ነጋዴ ልጅ ሆና!» ብላ ልጇን ወደ ራሷ አስጠጋቻት፤ በኦሮምኛም ቀስ ብላ ይቅርታ ጠየቀቻት።

ሰርክአዲስ ያን ቀን ቤቷ ስትገባ ዕረፍት አጣች። ክብሩ የማይወደው ምግብ ምን እንደሆነ ልታስብ ሞከረች፤ አታውቅም። ሰውየው አርባ አራት ዓመቱ ነው፣ በምልክት እንግባባለን፣ አሁን ምን ያደርግለታል ብላ ታብሌቱን ልታሳየው አስባ አታውቅም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አንዱን አስፈቅዳ፣ ቃላቱን በፀጋዬ ድምፅ አስቀድታ፣ የጎባ ሚኒባስ ተሳፈረች።

ክብሩ በረንዳው ላይ ሣንቃ ይልግ ነበር። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ታብሌቱን ተቀበላት። አሠራሩን አንዴ አሳየችው። «መዶሻ» የሚለውን ነካ፤ ሲናገር ሰምቶ ፈገግ አለ። ከዚያ ገጹን እየገለጠ ብዙ ቆየ። ልትረዳው ፈለገች፤ ግን እጇን አጣጥፋ ጠበቀች።

«ዝናብ» አለ ታብሌቱ።

ሰርክአዲስ ወደ ውጭ አየች። ፀሐይ ነው።

«አባት። ፈረስ።»

ክብሩ ቀና ብሎ አያት። አልገባትም። በዚያው ቅደም ተከተል ደገመው፤ ዝናብ፣ አባት፣ ፈረስ።

ያኔ መጣላት። እሷ ስምንት፣ እሱ አምስት ዓመቱ ነበር። ከጦጎና ወንዝ ማዶ ለክርስትና ሄደው ዝናቡ ጣለና ወንዙ ሞላ። አባታቸው ፈረስ ተውሰው መጡ፤ ሁለቱንም ከፊታቸው ጭነው ካፖርታቸውን ከላይ ዘጉባቸው። ወንዙ መሃል ፈረሱ ቀጥ ብሎ ቆመ። አባታቸው ጭራሽ አልመቱትም፤ አንገቱን እያሻሹ በኦሮምኛ አናገሩት፣ እስኪራመድ ድረስ። የረጠበው ሱፍ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዋ ላይ አለ። ወላጆቿ ከሞቱ ወዲህ ያቺን ቀን የማስታውስ እኔ ብቻ ነኝ ብላ ነበር የምትኖረው። ክብሩን ከቁጥር አስገብታው አታውቅም።

«ካፖርቱን ታስታውሳለህ?» አለችው።

ክብሩ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ ገጥሞ እንደ ካፖርት ዘጋ።

«ያ ዳማ ፈረስ ባይኖር አልቀን ነበር።»

«አይደለም» አለ ታብሌቱ።

«ምኑ?»

ክብሩ የቀለሞቹን ገጽ ፈልጎ አገኘ። «ነጭ።»

«ዳማ ነበር እንጂ ክብሩ። አንተ እኮ ሕፃን ነበርክ።»

«አይደለም። ነጭ። ነጭ።»

በአርባ አራት ዓመት ውስጥ ከወንድሟ ጋር ስትከራከር የመጀመሪያዋ ነበር። ድምፁ የፀጋዬ ነው፤ ግትርነቱ ግን የአባታቸው። ምሳ እየበሉ ተከራከሩ፤ ወደ መነኸሪያ ሲሸኛትም መንገድ ላይ እያቆማት በታብሌቱ «ነጭ» ይላታል።

ሰኞ ፀጋዬ «ወንድምዎ እንዴት ሆኑ?» ብሎ ጠየቃት።

«ተጣላን» አለችው፤ ፊቷ ግን በርቶ ነበር።

አሁን አፑ በእሷ አሮጌ ስልክ ላይ ተጭኖ ከክብሩ ዘንድ አለ። ሰርክአዲስ በየቅዳሜው ጎባ ትሄዳለች፤ አዳዲስ ፎቶ ያነሳሉ። ሁልጊዜ የምታወራው እሷ ነበረች፤ አሁን ግን ውሃ ጠጥታ ትቀመጥና ከልጅነታቸው የትኛውን ቀን እንደሚያነሳባት ትጠብቀዋለች።