ስምንተኛዋ ሆብልሾ

ሆብልሾ የሚባል ሰው ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሩቅ ቢሄዱም አይገኝም። ይህ የቤተሰብ ስም የተወለደው እንግሊዝ አገር ላንካሽር ውስጥ፣ ከአንድ ሸለቆ፣ ከአንድ የእርሻ ቤት ነው። ሸለቆው ለከተማ የቧንቧ ውሃ ተብሎ በግድብ ሲዋጥ ቤተሰቡ ጓዙን ሸክፎ ዳገቱን ወጣና እዚያው ኩርምት አለ። የሌላው ዘር ባሕር ተሻግሮ ሲበተን፣ ሆብልሾዎች የአንዱ ውሻ ሲጮህ ለሌላው እስከሚሰማበት ድረስ ተበተኑ።

ኩራታቸው ግን አይጣል ነው። በየዓመቱ በመንደሩ የበጋ በዓል ስምንት ሆብልሾዎች ከቀረው መንደር ጋር ገመድ ይጓተታሉ። ስሙን የያዘ ብቻ ነው የሚገባው። ስምንት ካልሞሉ ግጥሚያው እስከ ወዲያኛው ይቀራል።

ዘንድሮ ሞት፣ የወገብ ሕመምና ስማቸውን በባል ስም የለወጡ ሴት ልጆች ተባብረው ሰባት አስቀሯቸው። አለቃቸው ክሌመንት ምግብ አልወርድ አለው። አባትና አያቱ የጎተቱት ገመድ በእሱ ዘመን ሊቀር ነው።

«ዊኒፍሬድስ?» አለችው እህቱ ኢዲት፣ ሻይ እየቀዳችለት።

«የቷ ዊኒፍሬድ?»

«ኧረ ተው እንግዲህ! ሚስትህ የነበረችው ናታ!»

ዊኒፍሬድ ሲጋቡ የወሰደችውን ስም ሲፋቱ ይዛው ሄዳለች። ከግድቡ ማዶ መጠጥ ቤት ከፍታ፣ የቢራ በርሜል ብቻዋን እያነሳች ትኖራለች። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ ክሌመንት ደግሞ የፈታችውን ሊለምን ሄደ።

«ምን እግር ጣለህ?» አለችው ብርጭቆ እየወለወለች።

ነገራት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«እሺ፣ እጎትታለሁ። ግን ከኋላ መጨረሻ የምቆመው እኔ ነኝ።»

«እሱማ የኔ ቦታ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ፣ ክሌም። እዚያ ቆመህ ስትንሸራተት ስንት ዓመት አይቼሃለሁ!»

ምን ያድርግ? እሺ አለ።

በበዓሉ ቀን ከኋላው ቆማ ገመዱን ትከሻዋ ላይ ጠመጠመች። የመንደሩ ሥጋ ሻጭና ጓደኞቹ ገና ሲስቡ ሆብልሾዎች ወደ ፊት ሸርተት አሉ።

«እርገጥ! አንተ ሰውዬ፣ እርገጥ ነው የምልህ!» ጮኸች ዊኒፍሬድ።

ክሌመንት በሕይወቱ እንደዚያ ታዞ አያውቅም። ረገጠ። ገመዱ ስንዝር በስንዝር ተመለሰ፤ በመጨረሻም ሥጋ ሻጩ በአፍንጫው ሣሩ ላይ ተደፋ።

ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ክሌመንትና ዊኒፍሬድ ጭቃ በጭቃ ሆነው እዚያው ተቀምጠው ቀሩ።

«ዊኒ» አላት፣ ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ «ለምንድን ነው ግን ስሙን ያልተውሽው?»

«ስሙ ምን አደረገኝ? ያስለቀስከኝ አንተ!»

ክሌመንት ሊስቅ ቃጣውና አልሆነለትም።

«ይቅርታ፣ ዊኒ።»

በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ይህቺን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም።

«ይህን ለማለት የግድ ገመድ መጓተት ነበረብን?» አለችና በጭቃማ እጇ ዓይኗን ጠረገች።