በመርፌ የተበሳው ትኬት

ምላሴ ክፉ ነው። ከጎረቤት ከምትሰሙት እኔው ልንገራችሁ ብዬ ነው። ሰው መውቀስ አያቅተኝም፤ አመስግኚ ሲሉኝ ግን ጥርሴን የመነቀል ያህል ይከብደኛል።

ባሌ ኮፍያ ሰፊ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ መስኮት ሥር ተቀምጦ ኮፍያ ሰፍቷል። ጨርቁን በስፌት መኪና ይገጣጥመዋል፤ ከግንባር ወጣ የምትለዋን ጥላ ግን በእጁ ካልሆነ አይሰፋትም። ጥላዋ እንዳትልፈሰፈስ በመሃሏ ጠንከር ያለ ወረቀት ያስገባና በሁለት በኩል ጠርዝ ጠርዙን ይወጋዋል። ለዚህ ሥራ ከክልሉ ሎተሪ ትኬት የተሻለ ወረቀት የለም ባይ ነው። ዕጣ በወጣ ማግስት ሰዎች የጣሉትን ትኬት አዟሪዎቹ ይሰበስቡለታል፤ እሱም በትልቅ ጣሳ ያጠራቅማል። “የሞቱት” ይላቸዋል። ለራሱ በየወሩ የሚገዛትን አንዲት ትኬት ደግሞ በትንሽ ጣሳ ለብቻዋ ያኖራታል።

ሎተሪው የመንግሥት ነው። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ በአዳራሽ፣ ሕዝብ እያየ ለእያንዳንዱ ዕጣ አምስት ማሽን ይሽከረከርና ከእያንዳንዱ አንድ ኳስ ይወጣል። ለባለ ዕድሎቹ ተከፍሎ የተረፈው ለጤና ጣቢያና ለመንገድ ይውላል ይላሉ። “ያንተ ገንዘብ መንገድ ይሆንና ሌላው ይሄድበታል” እያልኩ እነዘንዘው ነበር።

“አንቺስ ትሄጂበት የለ?” ይለኛል ሳቅ ብሎ። እውነቱን ነው፤ ገበያ የምሄደው በዚያ መንገድ ነው።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ዓይኑን ሞራ ጋረደው። ክሩን መርፌ ውስጥ የማስገባለት እኔ ሆንኩ። ሐኪሙ፣ “ይህ ዓመት ሳያልቅ ካልተሠራ፣ በኋላ ብንሠራውም ብርሃኑ አይመለስም” አለን። ዋጋው ግን ከአቅማችን በላይ ነበር።

ያን ሰሞን ሆዴ ብሶት ክፍሉን ሳጸዳ ትንሿ ጣሳ እጄ ገባች። “ዓይኑን የሚያሳክምበት የሌለው ሰው፣ ሎተሪ!” አልኩና ትኬቷን አውጥቼ ትልቁ ጣሳ ውስጥ ከሞቱት ጋር ወረወርኳት። ለእሱ ትንፍሽ አላልኩም።

ዕጣው ወጣ። የትኬቱን ቁጥር ግድግዳው ላይ ባለው ቀን መቁጠሪያ ሁልጊዜ እጽፍለታለሁና ከጋዜጣው ጋር አስተያየሁት። ሁለተኛው ዕጣ። አምስቱም ቁጥር! እልል ልል አፌን ከፍቼ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ትልቁ ጣሳ ባዶ ነበር። ባሌ በዚያ ወር አሥራ አንድ ኮፍያ ሰፍቶ ሁሉንም ሸጧል።

ተንበርክኬ ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ነበር፤ ቢጮህብኝ ይቀለኝ ነበር። እሱ ግን ጥቂት አሰበና፣ “እንግዲያው ከአንዱ ሰው ራስ ላይ አለች ማለት ነው” አለ። “እኔ የሰፋሁት በቀላሉ አይተረተር፤ ፈልጊያት።” እስከ ዛሬ በዚህ ነገር ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። እዚህ ላይ ካላመሰገንኩት የት ላመሰግነው ነው?

የሎተሪው ደንብ አጭር ነው። ትኬቱን የያዘ ዕጣውን ይወስዳል፤ በዘጠና ቀን ውስጥ ያልቀረበ ዕጣ ግን ለመንግሥት ተመላሽ ይሆናል። ምላጭ ይዤ ከሰፈር ሰፈር ዞርኩ። ሰዎች ኮፍያቸውን ከራሳቸው እያወለቁ ሰጡኝ። አንድ ሹፌርማ መኪናውን ጥግ አስይዞ፣ “እትዬ፣ ከኮፍያው ካጣሽው ራሴንም ፈትሺው” ብሎ በዚያ ጭንቅ ውስጥ አሳቀኝ። እኔ ተረተርኩ፣ ባሌ መልሶ ሰፋ። አሥሩን አገኘሁ፤ በአሥሩም ውስጥ የነበሩት የሞቱት ብቻ ናቸው፤ አሥራ አንደኛውን ማን እንደገዛው ግን አልታወቀም።

በሰማንያ ዘጠነኛው ቀን፣ ሌላ መላ ቢኖራቸው ልለምናቸው ብዬ ባሌን እየመራሁ ወደ ሎተሪው መሥሪያ ቤት ሄድኩ።

“ምን ነበር እናቴ?” አለኝ በር ላይ ያለው ዘበኛ።

ዓይኔ ራሱ ላይ ባደረገው ኮፍያ ላይ ተተክሎ ቀረ። ምን እንዳየሁ ለባሌ በሹክሹክታ ነገርኩት። እጁን ዘርግቶ የኮፍያውን ጥላ ዳሰሰና፣ “የእኔ ስፌት ነው” አለ።

ዘበኛው ነገሩን እስክጨርስ አዳመጠኝ። ትኬቱን የያዘ ዕጣውን እንደሚወስድ ከማንም በላይ ያውቃል፤ በቀን ሃምሳ ጊዜ ለሰው የሚናገረው እሱ ነው። የሎተሪው ሠራተኛ በመሆኑ ለራሱ አይፈቀድለትም እንጂ ወንድም ወይ አማች አያጣም። “ማታ ቤቴ ገብቼ ልየው” ቢለኝ ምን እመልስለት ነበር? እሱ ግን ምላጩን ከእጄ ተቀብሎ ኮፍያውን እዚያው ፊቴ ተረተረው። የእኛዋ ወጣች፤ ቁጥሯ ሙሉ፣ ጠርዟ በመርፌ የተበሳሳ።

“በሉ፣ ቢሮው ሳይዘጋ” አለና በሩን ለጓደኛው ትቶ፣ በባዶ ራሱ ባሌን ደግፎ ሦስተኛ ፎቅ አደረሰን።

የትኬት መርማሪዋ መነጽር ያደረገች ወጣት ናት። ትኬቷን በመብራት አየቻት፤ ገለበጠቻት፤ እንደገና አየቻት። ፊቷ ተለወጠ።

“እናቴ፣ ይህ የተሰረዘ ትኬት ነው” አለችኝ።

ሳይሸጡ የቀሩ ትኬቶች ከዕጣው በፊት ተመልሰው ይሰበሰባሉ፤ ማሽን ጠርዝ ጠርዛቸውን ይበሳቸውና ይቃጠላሉ። ከቃጠሎው ያመለጠ ትኬት ይዞ የመጣ አጭበርባሪ ከዚህ ቀደም ገጥሟታል።

“የመርፌ ቀዳዳ ነው ልጄ! ባሌ ነው የሰፋው!”

“እስቲ ይዩት፤ አንዱ ከአንዱ በምን ይለያል? የሰው እጅ እንዲህ እኩል አይወጋም።”

“መዝገብ የላችሁም?”

“የተመለሱት በጥቅል እንጂ በየቁጥሩ አልተመዘገቡም። እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም፤ ዝም ብዬ ባሳልፈው ተጠያቂ እሆናለሁ።”

አፌ ላይ የመጣውን ልለቀው ስል ባሌ ክንዴን ያዝ አደረገኝ።

“ልጄ፣ እንደዚህ ያለ ወረቀት አለሽ?” አላት በለሆሳስ። “ይህንኑ ያህል ጨርቅም ካገኘሽልኝ፣ እዚሁ ልስፋልሽ።”

መርማሪዋ ትንሽ አመነታች። ከዚያ ምንም ያልታተመበት የትኬት ወረቀት ከመሳቢያ አወጣች፤ ከመጋረጃው ጀርባ አሮጌ ጨርቅ አመጣች፤ ሁለት የሥራ ባልደረቦቿንም ምስክር እንዲሆኑ ጠራች። መርፌና ክር ከባሌ ኪስ አይጠፋም። ክሩን ላስገባ ስሞክር ሦስት ጊዜ ሳትኩ። መርማሪዋ መርፌውን ተቀበለችኝና በአንዴ አስገብታ ለባሌ አቀበለችው። ሊፈርድብን የተቀመጠ ሰው እንዲህ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም።

ባሌ መስፋት ጀመረ። ወረቀቱን አያየውም፤ ፊቱ ወደ ግድግዳው ነው። የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር ጠርዙ ላይ ይሄዳል፣ መርፌው ይከተለዋል፤ እንደገና ጥፍሩ፣ እንደገና መርፌው። የሁለተኛውን ጠርዝ ሲጨርስ ክሩን በጥርሱ በጠሰ።

“እንግዲህ ተርትሪው” አላት።

ክሩን አንድ በአንድ መዘዘች። አዲሱን ወረቀት ትኬቷ ላይ አነባብራ ወደ መብራቱ አነሳቻቸው። ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር በሁለቱም ጠርዝ፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ አልፎ ወጣ። አንድም አልሳተም። ምስክሮቹ ተራ በተራ ቀርበው አዩና በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዘበኛው በሩ ላይ እንደቆመ፣ “ጉድ ነው!” አለ።

መርማሪዋ ማኅተሙን ሳበችና ቅጹ ላይ በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው። ቀለም የሌለው፣ ወረቀቱን የሚያጎብጥ ደረቅ ማኅተም ነው። ከዚያ ዞራ መጣችና የባሌን ጣት ይዛ ጉብታው ላይ አኖረችለት።

“ምን ይላል?” አላት።

“ትክክለኛ ይላል፣ አባቴ።”

ጣቱን ብዙ ጊዜ አመላለሰው። እኔ እንባዬ አገጬ ላይ ደርሷል። “እግዜር ይስጥሽ” አልኳት፤ ዘበኛውንም፣ ምስክሮቹንም እንዲሁ። ቃሉ ያን ያህል ቀላል መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ባሌ ተነስቶ ኮቱን ቆለፈ። ማን የት እንደቆመ አያይምና ወደ ጠረጴዛውም፣ ወደ በሩም፣ ማንም ወደሌለበት ወደ መስኮቱም እየዞረ እጅ ነሳ። እኔም አጠገቡ ቆሜ፣ በዞረበት ሁሉ እየዞርኩ አብሬው እጅ ነሳሁ፤ ወደ መስኮቱም ጭምር።